የደረጃው ግጥም

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ጎፋ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ስለማይኖሩ ክፍሉን ለእኛ ይለቁልን ነበር። እኛ ማለት መጻፍ የጀመርን፣ አብዛኞቻችን አንድ መጽሐፍ እንኳ ያላሳተምን ሰዎች ነን። የራሳችንን ሥራ ከማንበባችን በፊት ሁልጊዜ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ አንድ አጭር ልቦለድ ወይም ግጥም እናነባለን። ከናይሮቢ፣ ከሌጎስ፣ ከሉሳካ፤ እንደ እኛው ገና ስማቸው ያልታወቀ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ያወጡትን። ከመካከላችን በሙያዋ ተርጓሚ የሆነች አንዲት ጓደኛችን ነበረች፤ ወደ አማርኛ እየመለሰች የምታመጣልን እሷ ናት።

እሱ አይጽፍም። ቀያሽ ነው። የሚውለው ለቡ በሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ነው፤ የተወለደውም እዚያው ለቡ፣ አባቱ ጤፍ ያርሱበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚመጣው ለመስማት ብቻ ነበር። ኋላ ተቀምጦ ያዳምጥና ሌሎቻችን ስለ አተራረክ ስንጨቃጨቅ፣ «ከዚያ በኋላ ልጅቷ ምን ሆነች?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሰውየውን ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው ከልቡ ያሳስበዋል።

ተጋባን። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራየን። የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ የማሰማው ለእሱ ነበር፤ ሳነብለት ሥራውን ትቶ ይቀመጣል።

ከዚያ ልጃችን ተወለደች። ደረጃ መውጣትና መውረድ ትወድ ነበር፤ ካልተሸከሟት ግን አይሆንም። በየፎቁ ስንደርስ «ደየስን?» ትላለች። «ረ» አይወጣላትም ነበር። «አልደረስንም» እንላታለን። ቀጣዩ ፎቅ ላይ ደግሞ፣ «ደየስን?»

ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ክረምት ላይ ታመመች። ሳልና ትኩሳት ነበር፤ ጉንፋን መስሎን ማርና ሎሚ እየሰጠን አሳደርናት። ጠዋት ሻል ስላላት እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የፈተና ሰሞን ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ትኩሳቱ ባሰባት። እሱ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟት ወረደ። ሆስፒታል ስደርስ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ነበር፤ አየችኝ፤ አልተናገረችም። በማግስቱ አረፈች። የሳንባ ምች ነው አሉን።

የእድሩ ድንኳን ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ብቻ በቀረንበት ቀን ነው የነገረኝ። ያን ቀን ጠዋት ሲወርዱ በየፎቁ ትጠይቀው ነበር። ድምፅዋ ደክሞ፣ ዓይኗ ተከድኖ፣ ግን ደረጃው ባለቀ ቁጥር አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ «ደየስን?» ትለዋለች። «ታች ስንደርስ ደረስን አልኳት» አለኝ። «ደስ አላት።» ይህንን አንድ ጊዜ ነገረኝ፤ ዳግመኛ አላነሳውም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መጻፍ አልቻልኩም። ቅዳሜዎቹንም ተውኩ። ከሙት ዓመቷ በኋላ ተርጓሚዋ ጓደኛዬ ቤት ድረስ መጥታ ይዛኝ ሄደች። የዚያን ቀን ያነበበችልን የአንዲት ዛምቢያዊት ወጣት ግጥም ነበር። ወንድሟ ሞቶ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ታጥባለች። ሞት የሚል ቃል የለበትም፤ የአንገትጌው እድፍ አልለቅ እንዳላት ብቻ ነው የምትናገረው። የማላውቃት ልጅ፣ በማላውቀው ከተማ፣ የእኔን ቤት ያየች መሰለኝ። ቤት ተመልሼ መጻፍ ጀመርኩ። የወጣልኝ የደረጃው ግጥም ነበር። አንድ አባት ልጁን ይዞ ይወርዳል፤ በየፎቁ አንድ ጥያቄ አለ።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሱ ነው። ወጥ ቤት ቆሞ ድንች እየላጠ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ። ስጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይህንን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«አዎ፤ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።»

ድንቹን ልጦ ጨረሰ።

ጓደኛዬ ግጥሙን ስታነበው ወደ እንግሊዝኛ ልመልሰው አለችኝ፤ አዳዲስ የአፍሪካ ገጣሚያን የሚሰባሰቡበት መድበል እየተዘጋጀ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኩት። «ካልሽ ላኪው» አለ። አይመርጡትም ብሎ አስቦ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ተመረጠ።

ዜናውን ስነግረው፣ «በእንግሊዝኛ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ማን?»

«ልጄ። በእንግሊዝኛ ምን አለች?»

ጓደኛዬ «ደየስን»ን ለመተርጎም ሞክራ ሞክራ ስላልሆነላት ቃሉን እንዳለ በላቲን ፊደል እንደተወችው ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሌላውን ሁሉ ይውሰዱት» አለኝ። «ደረጃውንም፣ እኔንም፣ ብርድ ልብሱንም። እሷን አንዲት ቃል አውጪልኝ።»

ሞከርኩ። እውነቴን ነው የሞከርኩት። «ደረስን?» ብዬ በትክክሉ ጻፍኩት። ግጥሙ ላይ ያለችው ልጅ ወዲያው ሌላ ልጅ ሆነች፤ ጥርሷ ሁሉ የበቀለ፣ የማላውቃት። ለእሱም እንዲሁ ነገርኩት፤ «የማንም ልጅ ሆነችብኝ» አልኩት።

«የማንም ትሁን» አለ። «እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የእኛዋ እዚህ ትቅርልን።»

«እዚህ ብትቀርማ ማን ያውቃታል? እኔና አንተ ስንሞት ማን ያውቃታል?»

«ማንም እንዲያውቃት አልፈልግም።»

እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያውቃት ነበር የምፈልገው። አንዷ ልጅ ሞታብን ሁለታችን በሁለት መንገድ ነበር የምናለቅሰው። ቃሉን አላወጣሁትም። በዚያው ሳምንት እናቱ ዘንድ ለቡ ሄደ፤ አሟቸዋል አለኝ። በኋላ መጥቶ የሥራ ጫማውንና ጃኬቶቹን ወሰደ። አልተጣላንም። ጎረቤቶቻችን እንኳ የመስክ ሥራ የሄደ ነበር የመሰላቸው።

መጽሐፉ ወጣ። ጎፋ፣ ያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግጥሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አነበብነው። ሰዎች አለቀሱ። አንዲት እናት እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ። ከሌላ አገርም አንዲት አንባቢ ቃሉን ለእህቷ በስልክ እንዳነበበችላት ጻፈችልኝ። ልጄ በማላውቃቸው አፎች ተጠራች። የዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቤት ገብቼ መብራቱን ሳበራ ግን፣ ሁሉንም የምነግረው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ሙት ዓመቷ የተዘከረው ለቡ፣ በባለቤቴ እናት ግቢ ነው። ሰው በልቶ ከሄደ በኋላ አማቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እያደባለቁ ነው የሚናገሩት። «ስለ ልጃችን ጻፈች ይላሉ» አሉኝ። «ለአገሩ ሁሉ ተነግሮ ለእኔ ሳይነገረኝ?»

ባለቤቴን አየሁት። ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ወደ ጓሮ ወጣ።

በቃሌ አነበብኩላቸው። ደረጃው መሀል ስደርስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ስጨርስ፣ «እሷን እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። «ደየስን» አልኳቸው። ሁለቴ፣ ሦስቴ አስደገሙኝ።

ወደ ታክሲው የሸኘኝ እሱ ነው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጥን ሄድን። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ጥሩ ግጥም ነው» አለኝ። «ከጓሮ ሰማሁት።»

ጫማው ላይ የያዘውን ጭቃ ድንጋይ ላይ ጠረገ።

«ድሮ ግን ጆሮዬ ላይ ነበረች። እዚህ ጋ።» በጣቱ አሳየኝ። «እስትንፋሷ ራሱ ይሰማኝ ነበር። አሁን ስትጠይቀኝ በአንቺ ድምፅ ነው የምሰማት። እሷን ልሰማ ስሞክር አንቺ ነሽ የምትመጪው።»

ክንዱን ያዝኩት፤ እሱም እጄን በእጁ ሸፈነው። እንደዚያ ሆነን የጀሞ ታክሲ እስኪመጣ ቆየን። ስገባ በሩን ከውጭ ዘጋልኝ።

እስካሁን አልተፋታንም፤ አብረንም አይደለንም። አንዳንዴ ይደውላል፤ ስለ ውኃና ስለ ቤት ኪራይ ጠይቆኝ ይዘጋል። መድረክ ላይ አንብቢ ሲሉኝ ሌላ ግጥም አነባለሁ። ብቻዬን ስሆን ልጄ ቃሉን እንዴት ትለው እንደነበር ለማስታወስ እቀመጣለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። የሚመጣልኝ የራሴ ድምፅ ነው።