የጥፍር ማስቆረጥ ትእዛዝ

ከጉደር ማዶ ያለችው ኮረብታ ላይ የወጣነው በ1983 ሚያዝያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። «መንገዱን ያዙ። እስክትቀየሩ አትነቃነቁ።» አርባ አንድ ነበርን። እኔ የጤና ረዳት ነኝ፤ ከደብረ ታቦር የመጣሁ፣ በአርባ ወንድ መካከል ያለሁ አንዲት ሴት። ዳዊቴን ሳልደግም የመድኃኒት ሳጥኔን አልከፍትም ነበር።

ስለ ጦርነት ሲጠይቁን የምናወራው ስለ ጥይት ነው። እኛን በሦስተኛው ሳምንት ያደከመን ግን ሌላ ነገር ነበር።

አስር አለቃ ቶሎሳ የካቺሲ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሽ ነው። በድንገት መቀመጥ ተወ። ምሳውንም ቆሞ ይበላል። ጥበቃ ላይ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጣለው። መቶ አለቃችን በሁለተኛው ሽጉጣቸውን ነካ አድርገው፣ «ሦስተኛ ካገኘሁህ ፍርድ ቤት አልልክህም» አሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ለብቻው ጠራሁት።

«ለምንድን ነው የማትተኛው?»

«ምንም አልሆንኩ፣ ኦቦሌቲ።» እህቴ ማለቱ ነው።

«እስቲ ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። «አንቺ ዳዊት የምትደግሚ ሰው ነሽ፤ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እኔም አፈርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው፣ «ለሳጥኑ ንገረው፣ እኔ እሰማለሁ» አልኩት።

ለሳጥኑ ነገረው። ፊንጢጣውን ያሳክከዋል፤ ጋደም ሲል ይብስበታል። እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ትሎችም አይቷል። በልብስ ሳሙና ፈተገው፤ ባሰበት። ከዚያ ለቅማል የታደለንን ዲዲቲ ነሰነሰበት።

«ዲዲቲ?» ብዬ ዞርኩ።

«ቅማሉን ይገድል የለ እንዴ!»

ቆዳው ተልጦ ነበር። ሳሙናውንም ዱቄቱንም ከለከልኩት። በውሃ ብቻ እንዲታጠብ፣ ሳይፈትግ እንዲያደርቅ፣ ቫዝሊን እንዲቀባ ነገርኩት። ሲያክ የትሉ እንቁላል ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ወደ አፉ ይመለሳል። የምንበላው ደግሞ ከአንድ ትሪ ነው። እሱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም።

መቶ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። «ምሽጉ ውስጥ የትል በሽታ ገብቷል፤ እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። ስም አልጠራም። ሁሉም ኪኒን ይውሰድ፣ ጥፍሩን ይቁረጥ።»

የገዛ ጥፍራቸውን አዩት። «እኔም?»

«እርስዎም።»

መቀሱን ከእጄ ተቀብለው መጀመሪያ የቆረጡት እሳቸው ናቸው።

«ለሠርግ ነው ወይስ ለጦርነት?» አለ አንዱ። ነጭ የውስጥ ሱሪያችንን ቀቅለን ቁጥቋጦው ላይ ስናሰጣ ደግሞ፣ «ማዶ ያሉት እጅ ሰጡ እንዳይሉን!» ብሎ አሳቀን። ለእያንዳንዱ ሁለተኛ ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚወስድበትን ቀን ጽፌ ሰጠሁ።

የመጀመሪያውን ኪኒን በወሰድን በአራተኛው ቀን ቶሎሳ ተቀምጦ ምሳውን በላ። ተኛም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ጥበቃው የእሱ ነበር። ነቅቶ ነበር። የቀሰቀሰን የእሱ መትረየስ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ተዋጋን። የወደቁብንን ተሸክመን ወደ አምቦ አፈገፈግን።

ሦስት ሬሳ ቆጠርን። አንደኛው ቶሎሳ ነው። ተኝቶ ቢሆን ኖሮ የምንቆጥር አንኖርም ነበር። ባላድነው ኖሮ ግን ያን ቀን ጥበቃ ላይ ይመደብ ነበር ወይ? ከአገሬ ርቄ እዚሁ አምቦ ስኖር፣ በጸሎቴ መካከል ይህን ዛሬም እጠይቃለሁ።

እጆቹን ደረቱ ላይ ሳጣምር ጥፍሮቹ አጫጭር ነበሩ። ኪሱ ውስጥ ኪኒኗ እንደተጠቀለለች አገኘኋት። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ቀን ሊደርስ ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር።