የባቡሩ ጣሪያ ላይ ያለው ሽቦ

ጎረቤታችን ለልጄ የጃፓን ኤሌክትሪክ ባቡር መጫወቻ ሰጣት። ጣሪያው ላይ የሚታጠፍ ሽቦ አለው።

በደርግ ጊዜ አባቴም እንዲህ ያለ ብርማ ባቡር ከጃፓናዊ የሥራ ባልደረባው ተቀብሎ አምጥቶልኝ ነበር። አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። እናቴ ሽቦውን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይሄ አንቴና ነው። የምናወራው ሁሉ ቀበሌ ይደርሳል።»

«አንቺ ደግሞ! የልጅ መጫወቻ እኮ ነው» አለ አባቴ፤ ግን እሱም በሹክሹክታ ነበር።

እናቴ ሽቦውን በፒንሳ ነቀለችው። ሳለቅስ «ዝም በይ፣ ይሰማናል» አለችኝ።

ዛሬ አሜሪካ፣ ዩኒየን ሲቲ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ሳላስበው ሽቦውን ይዤ ስጎትት ልጄ ጮኸች። «ማሚ፣ ስቶፕ! ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሱ ነው!»

ለቀቅኩት። እህቴ ስትደውል ግን ባቡሩን ሳሎን ትቼ፣ ስልኩን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።