እሑድ እሑድ የምትናከስ እናት

ሳህሉ በወጣትነቱ ወደ ፍራንክፈርት የመጣው ታሪክ ሊማር ነበር። ተማረም፤ እንጀራው ግን አየር ማረፊያ ሻንጣ መጫን ሆነና ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አሁን ኡንተርሊደርባህ በተሰኘው የከተማው ሰፈር ዳር፣ ብሬንደል የሚባል ገበሬ ከነቤተሰቡ አሳማ ከሚያረባበት ግቢ እየሄደ ያግዛል።

ሚስቱ ገላነሽ ይህን አልወደደችውም። "አንተ ሰውዬ፣ የማትበላውን እንስሳ ምን ያስቀልብሃል?"

"እንደማልበላቸው ገብቷቸው እኮ ነው የሚወዱኝ።"

"እንግዲያው ጠረናቸውን ይዘህ ቅዳሴ እንዳትገባ!" ብላ ሽቶ ከቦርሳው ከተተችለት።

እሑድ እሑድ መኖ ሰጥቶ፣ ገለባ ቀይሮ፣ ታጥቦና ሽቶውን ተቀብቶ ይወጣል። ግን ሳያያቸው መሄድ አይሆንለትም፤ ተመልሶ ግልገሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሆዳቸውን ይዳብሳል።

ዘንድሮ ልዕልት አሥር ወለደች። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ሌላው በጆሮዋ ቁጥር ነው የሚጠራት። በመጀመሪያው እሑድ አንዱን ነክሳ ገደለች። በሁለተኛው ሁለቱን አቆሰለች።

"ልጇን የምትነክስ እናት አላኖርም" አለ ብሬንደል። "ለሐሙስ የቄራ ቀጠሮ ይዣለሁ።"

"ሰኞ ለምን አትነክስም?"

"እሷን ይጠይቋት።"

ሳህሉም ጠየቃት። ማክሰኞ ባልዲ ገልብጦ ከጋጣዋ ፊት ተቀመጠ። መኖው ያው፣ ገለባው ያው። የእሑዱ ደወል ይሆን ብሎ ጠረጠረ፤ ረፋዱ ላይ ለቀብር ሲደወል ግን ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ተጋድማ ታጠባለች፤ አንዱ ግልገል ሲቀርባት በአፍንጫዋ እየነካካች፣ እያሸተተች ትቀበላለች።

እያያት እናቱ ትዝ አለችው። ከዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት አገር ቤት ሲመለስ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ሽታ ያለው ቅባት ቀብቶት ነበር። እናቱ ልትስመው ተጠግታ፣ ድንገት ፊቷን መለሰች። "የልጄ ጠረን የታለ?" አለች። ያን ቀን ስቆባታል። ስንት ዓመቱ!

ሳህሉ ከባልዲው ላይ ተነሳ።

ረቡዕ ጠዋት ብሬንደልን ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። ቀኝ እጁን ሽቶ ቀባና ከአጥሩ በላይ ዘረጋው። ልዕልት ብድግ አለች፤ አጉረመረመች፤ ጥርሷ ብረቱን ሲመታ ሳህሉ እጁን ለጥቂት አተረፈ። ከዚያ በሳሙና ታጠበ፣ ከሥሯ ባለው እርጥብ ገለባ እስከ ክርኑ አሽቶ እጁን እንደገና ዘረጋ። አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ተመልሳም ተኛች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ሳህሉ። "ልጆቿን ባዕድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።"

ብሬንደል ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። "ለአሳማ ነው ሽቶ የሚቀቡት?"

"ለእግዜር ነበር።"

ብሬንደል ሳቁን መያዝ አቃተው። ሳቁ ሳያልቅ ስልኩን አወጣና ቀጠሮውን ሰረዘ።

እሑድ ሳህሉ ሽቶውን ቤት ትቶ ወጣ። ግልገሎቹን አይቶ፣ ታጥቦ፣ ዘግይቶ ቅዳሴ ደረሰና ከኋላ ቆመ። ሲወጡ ገላነሽ አጠገቡ መጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች።

"ሸተትህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

ትንሽ እንደሄዱ ነጠላውን ዝቅ አደረገችው። "ዘጠኙም አሉ?"

"ዘጠኙም።"