በእማማ አስካለ ጸበል ያመካኘሁት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። በየሁዳዴው ከነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ የዋሸሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ ጾም የገደፍኩትን ሳይቀር ስዘረዝር ቆይቼ እዚች ጋ ስደርስ ምላሴ ትተሳሰራለች። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ከዚያ ቤቴ እስክገባ አንድ ነገር ከኋላዬ የሚከተለኝ እየመሰለኝ ነው መንገዱን የምጨርሰው። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ ደረጀ የሚባል ሰው ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ለባለጉዳይ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን። ከተማው ሁሉ ባነር ባነር ሲል ደረጀም ያለ የሌለውን አሟጦ አንድ ትልቅ የባነር ማተሚያ ከዱባይ አስመጣ። ማሽኑ የሱቁን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ያዘው። የሚገጥም ባለሙያ ግን አብሮ አልመጣም።

"ማን ይገጥመዋል?" ሲል "እኔ አለሁ አይደል እንዴ" አልኩ። እኔ ማን ነኝ? ከዚያ በፊት የገጠምኩት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ሚጢጢ ፕሪንተር ብቻ ነው፤ እሷንም ጓደኛዬ በስልክ እየመራኝ። ነገር ግን በሰፈሩ ኮምፒውተር አዋቂ ተብያለሁ። ስሜን ወድጄዋለሁ። አላውቅም ማለት ከሞት በላይ ያስፈራኝ ነበር።

በምንገጥምበት ቀን ጠዋት የደረጀ እናት፣ እማማ አስካለ፣ ልደታ ማርያም ኪዳን አድርሰው ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። እሳቸው ዘንድ አዲስ ዕቃ፣ መኪናም ይሁን ፍሪጅ፣ ጸበል ሳይነካው ሥራ አይጀምርም። ደረጀ የባነር ጥቅልል ሊገዛ መርካቶ ሄዶ ስለነበር ሱቁ ውስጥ የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ማሽኑ ገና ከነላስቲኩ ነው።

"ላስቲኩን ላንሳልዎት እንዴ እማማ?"

"ተወው ልጄ። እግዚአብሔርን ላስቲክ አያግደውም" ብለው ሳቁ። ማሽኑን ዙሪያውን ረጩት። እኔንም ፊቴ ላይ ረጭተው "እጅህን ይባርከው" አሉኝ። የቀረውን ከነጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ላስቲኩ ላይ ያረፈውን ውሃ በጨርቅ አድርቄ፣ ከዚያ ነው ላስቲኩን የገፈፍኩት። አንዲት ጠብታ ማሽኑን አልነካችውም። ይህን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ የመጀመሪያ ገጾቹ ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ወዲያ ወዲህ እየሄደ ቀለም የሚረጨው ክፍል በጉዞ እንዳይናጋ በብረት ይታሰራል፤ ሥዕሉ ብረቱ ሳይፈታ ማሽኑ እንዳይበራ በቀይ ያስጠነቅቃል። አይቼዋለሁ። ሳላየው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድ መሸሸጊያ ይኖረኝ ነበር። ዱባይ ያሉት ፈትተው ነው የላኩት አልኩና ገጹን ገለጥኩ። ክዳኑን ከፍ አድርጎ ለማየት ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል? ምንም።

ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቼ ሶፍትዌሩን ጫንኩ። ገመዱን ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ ሰካሁ። አሁን ማሽኑን አብራ የሚል ጽሑፍ መጣ። አበራሁት። ማሽኑ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፣ የታሰረው ክፍል ለመሄድ እየታገለ ነበር። ያን ጊዜ አጥፍቼ ብተወው ምንም ባልሆነ። እኔ ግን አጥፍቼ መልሼ አበራሁት። ራሱ ይላቀቃል ብዬ። ክፍሉን የሚጎትተው ቺንጋ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ከጎኑ ጭስ ወጣ፣ የተቃጠለ ሽታ ሱቁን ሞላው። ኮምፒውተሩ ይህን ጊዜ ነው ማሽኑን አገኘሁት ብሎ የጻፈልኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እስረኛ የሚያመላልሰው መኪና ዘወትር በደጃችን ነው የሚያልፈው፤ ያን ቀን ድምፁን ስሰማ እኔን ሊወስድ የመጣ መሰለኝ። ደረጀ ምን ይለኛል? ያለው ንብረት ይኸው ነው። ካላወቅህ ለምን ነካህ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

ተነሳሁ። ብረቱን በካቻቢቴ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። የማሽኑን የጎን ሽፋን ከፈትኩ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ጠርሙሱን አየሁት። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ቦርድ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ሲረጭ የገባ እንዲመስል እየመጠንኩ፣ ቀስ እያልኩ። ጸበል መሆኑን አላወቅሁም ነበር? ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሌላ ውሃ አጥቼ ነው? ጥግ ላይ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ጎድሎ ቢታይ ብዙ ለመረጨታቸው ይመሰክርልኛል ብዬ ነው። ያን ያህል አስቤበታለሁ። አእምሮዬ በደንብ ይሠራ ነበር።

ደረጀ ጥቅልሉን ተሸክሞ ገባ። "ምንድነው የሚሸተው?" አለ።

"እንጃ። እንዳበራሁት ጧ አለ። ውሃ ገብቶበት እንዳይሆን።"

"የምን ውሃ?"

መደርደሪያውን አየት አደረግሁ፤ እሱም ዓይኔን ተከትሎ ጠርሙሱን አየ። "እማዬ መጥታ ነበር?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ስማቸውን አልጠራሁም። ስማቸውን አልጠራሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ መሰላችሁ። የተጠራው ባለሙያም ከፍቶ አየና ቦርዱን ውሃ ነክቶታል አለ። አለቀ።

በሳምንቱ እማማ አስካለ ደረጀ የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

"ልጄ፣ ላስቲኩ ላይ ነው አይደል የረጨሁት? ደረጀ አላምን አለኝ። አንተ ነበርክ። አንተ ብትነግረው ያምንሃል።"

እንግዲህ ይህች ናት የእኔ ሰዓት። ሁሉን የምመልስበት ዕድል በእግሩ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሟል።

"እኔ እንኳ ልብ አላልኩም እማማ" አልኩ። "ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ላስቲኩ አልተነሳም ነበርኮ። ላንሳልዎት ብለኸኝ ተወው አላልኩህም?"

"ተነስቶ ነበር መሰለኝ።"

ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ውሸታም ቢሉኝ፣ በማርያም ማል ቢሉኝ ምናልባት እፈራና እናዘዝ ነበር። እሳቸው ግን አመኑኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉና "እንግዲህ አእምሮዬ ሄዷል ማለት ነው፤ እርጅና ነው" ብለው ቀስ እያሉ መንገዱን ወረዱ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማመን ተዉ። በር ቆልፈው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ይፈትሹ ጀመር። ጸበል ወደ ቤት ይዘው መምጣት ተዉ። የልጅ ልጃቸውን አዝለው ደጅ መውጣት ፈሩ፤ የሆነ ቦታ ረስቼው ብመጣስ ይሉ ነበር። ጎረቤቱ እማማ አስካለ ጃጁ አለ። አልጃጁም ነበር። ጤነኛ ሴትዮ ናቸው። ያስጃጀኋቸው እኔ ነኝ።

ሱቁ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ደረጀ ሌላ ሰው ዘንድ ተቀጠረ፣ እኔም ሌላ ቦታ ሥራ አገኘሁ። የሚገርማችሁ ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነው፤ ትልልቅ ማተሚያ እየዞርኩ እገጥማለሁ። ብረቱ መፈታቱን ደጋግሜ አያለሁ፣ ደንበኞቼ ጥንቁቅ ነው ይሉኛል። ማብሪያውን ስጫን ግን እስካሁን ትንፋሼን እይዛለሁ። አንዳንዴ ባለቤቱን ራስዎ ያብሩት እላለሁ፣ ለክብር ያደረግሁት ይመስለዋል።

የድሮው ሰፈር ፈርሶ እነ ደረጀ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ እማማ አስካለ አረፉ። ለቅሶ ደረስኩ። ባልደርስ ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ነው የሄድኩት፣ እሱንም አልደብቃችሁም። ደረጀ ከድንኳኑ ወጣ አድርጎ እጄን ያዘኝ።

"የመጨረሻዋ ዕለት ማታ ምን አለችኝ መሰለህ? ልጄ፣ ማሽንህን ያበላሸሁብህን ይቅር በለኝ አለችኝ። እኔም አሁን ይሄን ምን አመጣው፣ ተኚ እማዬ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። ጠዋት ሳያት አልፋለች።" እጄን ጠበቅ አደረገው። "አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ያኔም አንድ ክፉ ቃል አልተናገርካትም።"

ምን አልኩት? "እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩና ተመልሼ ከሰው መሃል ተቀመጥኩ።

ደረጀ አሁንም በሕይወት አለ። መንገድ ላይ ካየኝ አቅፎ ይስመኛል፣ ሰውነቴ በእጁ ውስጥ ይደርቃል። እውነቱን ብነግረው ሐዘኑን አብስበታለሁ፣ እናቱን በከንቱ መበደሉን ሲያውቅ እንዴት ይሆናል እላለሁ። ለእሱ ማሰቤ ይመስላል። አይደለም። ፈርቼ ነው። ያኔም ፈርቼ ነው፣ አሁንም ፈርቼ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ምክንያት አይሆነኝም፤ እማማ አስካለም አእምሮዬ ሄደ ብለው ፈርተው ነበር፣ ሆኖም በሰው ላይ ምንም አላደረጉም።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልጨርስም። እማማ አስካለ ባላጠፉት ጥፋት ይቅርታ ለምነው ሳያገኙ ሞቱ። እኔ አጥፍቼ በምን አፌ ልለምን?