ላፍቶ ላይ የተጠገነ ወፍጮ

የያዙኝ ሀይሌ ጋርመንት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «አባት፣ ለአንድ አፍታ እንፈልግዎታለን» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ጀሞ፣ የሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «ጦርነቱ ይብቃ፤ መንገዱ ይከፈት፤ ተፈናቅለን የመጣነውም ወደ ሥራችን እንመለስ» ብዬ ነበር። ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም።

ያስገቡኝ ላፍቶ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ቀድሞ ቀለም ይቀመጥበት ነበር መሰለኝ፣ ግድግዳው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ቀን ጣሪያው ይግላል፤ ሲመሽ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ቦታ ያገኘሁት ከአንድ መካኒክ አጠገብ ነበር።

ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አነጋገሩን ስሰማ ከየት እንደሆነ ገባኝ። እሱም የእኔን ሰምቶ ገባው። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ተዋጊዎች ከተማችን ሲገቡ ሸሸን፤ በኋላ እንደሰማሁት የእህል ወፍጮዬ ተቃጥሏል። ማን እንዳቃጠለው ያየ የለም፤ ሰው ግን ሁሉንም በእሱ ወገኖች ያሳብብ ነበር። የእሱ ቤተሰብ ደግሞ ከተከዜ ማዶ ነው። ስልክ ከተዘጋ ወዲህ እናቱ ትኑር አትኑር አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጀርባ ለጀርባ ሆነን ተኛን። ለእኔ እህቴ ከጀሞ ምሳ ዕቃ ታመጣለች። ለእሱ የሚመጣለት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የሽሮውን ክዳን ስከፍት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሳ ዕቃውን በመካከላችን አስቀመጥኩ።

«ና ቅረብ፤ ብቻዬን አይወርድልኝም» አልኩት።

«ጠግቤያለሁ ጋሼ።»

«ምን በልተህ?»

ሳቀ። ቀረበ።

ከዚያ በኋላ ወሬያችን ሁሉ ስለ ወፍጮው ሆነ። የናፍጣ መሆኑን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ድንጋዩስ?» አለኝ።

«ድንጋዩ ተርፏል ብለውኛል።»

«እንግዲያው አልሞተም። ሞተሩን ለእኔ ይተዉት።»

ጣቱን ውሃ እየነከረ ሞተሩን ሲሚንቶው ላይ ይስልልኛል። መጨረሻውን ሳይጨርስ መጀመሪያው ይደርቃል። እንደገና ይጀምራል። ቀስ በቀስ ሌሎቹም እስረኞች ዙሪያችንን ከበቡ። አንዱ ዳቦ ቤት ይጨምራል፤ ሌላው እህል ለሚያስፈጩ ሴቶች ጥላ ያለው መቀመጫ ካልተሠራ ብሎ ይሟገታል። «የመኪና መቆሚያውን አስፉት፤ ጨውና ማር ጭነን እንመጣለን» ይላል መካኒኩ። እንደዚያ እየተጨቃጨቅን፣ እየሳቅን፣ አንድ የፈረሰ ከተማ ወለል ላይ ስንሠራ ዋልን።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ያ መካኒክ ከተማችሁ ሲያዝ ከተዋጊዎቹ ጋር ነበር። ‹አይቼዋለሁ› ይበሉና ዛሬውኑ እህትዎ ቤት ይግቡ።»

እህቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በየቀኑ በር ላይ ፀሐይ ሲያቃጥላት መዋሏ ያንገበግበኝ ነበር። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አልኩና አስቀመጥኩት።

«አላየሁትም» አልኩ።

«ወፍጮህን አቃጥለውብህ የለ እንዴ ሰውዬ!» አንቱታው ቀረ።

«ወፍጮዬ ተቃጥሏል። እሱን ግን አላየሁትም።»

ሻዩን ሳልጨርስ መለሱኝ። መካኒኩ ብድግ ብሎ ፊቴን አጠና።

«ምን አሉዎት ጋሼ?»

«ስለ ወፍጮው ጠየቁኝ።»

«ምን መለሱላቸው?»

«መካኒክ አግኝቻለሁ አልኳቸው።»

ክረምቱን እዚያው አሳለፍን። የተለቀቅነው ሰላም ወረደ በተባለ ሰሞን ነው፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቆይቶ እሱ። እናቱን በሕይወት አገኛት። እሷ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ፣ እንደ ቃሉ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ እኛ ከተማ መጣ። ሲሠራ የመንደሩ ሰው በሩቁ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይጠጋውም።

ሞተሩ በተነሳ ዕለት ጎረቤቴ ስንዴ ተሸክማ መጣች። ልጇን በጦርነቱ ያጣች ሴት ናት።

«ይሄ የማነው ልጅ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሸክሟን ሳታወርድ ብዙ ቆመች። እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ አቀርቅሮ ቆመ። ከዚያ ስንዴውን እግሩ ሥር አወረደችና፣ «አልመህ ፍጭልኝ፤ ለልጅ ልጄ ገንፎ ነው» አለችው።

ከከተማችን ሱቆች ዛሬም ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ስመጣ ጀሞ እህቴ ጋ አድራለሁ። ያ መጋዘን ይናፍቀኛል ብላት ትቆጣለች። እውነቷን ነው፤ ደጅ ቆማ የዋለችው እሷ ናት። እኔ የሚናፍቀኝ እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ምንም ሳይኖራቸው ለማያውቁት አገር መቀመጫ ጥላ ይኑረው ብለው የተከራከሩት። ታክሲው ላፍቶ፣ በመጋዘኑ ግቢ በኩል ሲያልፍ ረዳቱ፣ «ወራጅ አለ?» ይላል። ማንም ካልመለሰ፣ «የለም፣ ንዳው» የምለው እኔ ነኝ። አንገቴ ግን ግቢው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ እንደዞረ ይቀራል።