ያልጠበቀችው ካንዴላ

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ የይሁኔ ልጅ ሕይወት የአባቷን አሮጌ መኪና እየነዳች ደብረ ማርቆስ ወዳለው ጋራዤ መጣች። ለሥራ ባሕር ዳር ልትሄድ ነበር። «ጋሼ ምናለ፣ አባቴ ካንዴላዎቹን ሌላ ሰው እንዳይነካቸው፣ እርስዎ ራስዎ ያጥብቁልኝ ብሏል» አለችኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን መፍቻ ሳነሳ የድሮው ነገር ትዝ አለኝ።

ይሁኔና እኔ የደምበጫ ልጆች ነን። ቅኔ ቤት አብረን ገብተን አብረን አቋረጥን፤ መካኒክነትም ከአንድ ጋራዥ ተማርን። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነን መምህር ታፈረ የሚባሉ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ሥራ ተዛውረው ሲሄዱ፣ ጀምረው የተዉትን አውሮፕላን ለእኛ ሰጡን። አውሮፕላን ማለቴ፣ አንድ ሰው የሚይዝ ከዋንዛ የተሠራ አጽም ነበር። የክንፉን ሸራ አይጥ ጨርሶታል። አቡጀዲ ሰፍተን አለበስነው፣ ቫርኒሽ ቀብተን ወጠርነው። ሞተሩን ከአንዲት የተገለበጠች ቮልስ አወጣንና ፕሮፔለሩን ከእንጨት ጠርበን አሠርንበት። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ድምፅ ውስጥ፣ መስከረምን ደግሞ የበቆሎ እሸት እየጠበስን ሠራን። እስከዚያ ድረስ ቅናት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ማን ይብረር ሲባል ነው። አገራችን ደጋ፣ አየሩ ስስ፣ ሞተሩም የመኪና ሞተር ስለሆነ ክብደቱ ቀለል ያለው ይብረር ተባባልን። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሁ፣ ከዚያም በአንድ ጭብጥ ቆሎ እያለፍሁ ወር ሊሞላኝ ሆነ። እናቴ ልጄ መናኝ ሊሆንብኝ ነው እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። የጾምሁት ግን ለነቢያት ሳይሆን ለሚዛን ነው። ይሁኔ ደግሞ የተልባ ፍትፍቱን በየቀኑ ሲያጋብስ ከርሞ፣ በገበያ ቀን እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ እንደ ጤፍ ጆንያ ተራ በተራ ስንወጣ በሦስት ኪሎ ቀለለኝ።

ሞተሩን እኔ ፈትቼ እኔ ገጥሜ፣ ገበያተኛው ካፒቴን እያለ የሚጠራው እሱን ሆነ። እሱም ወሬውን አልጠላውም። መቀመጫው ላይ ወጥቶ ሲደላደል ባየሁ ቁጥር ያ ቂጥ የማን ሞተር ላይ ነው የተቀመጠው እላለሁ በሆዴ።

የሙከራው ቀን ጠዋት ነዳጁን በእሳት የሚለኩሱትን አራቱን ካንዴላዎች የቀየርሁት እኔ ነኝ። ሦስቱን በመፍቻ አጠበቅሁ። አራተኛዋን በጣቴ ብቻ አዞርኋትና ተውኋት። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሳም፣ ይሁኔ ያፍራል፣ ተራው የእኔ ይሆናል፤ ያሰብሁት ይኸው ነበር። እንዲጎዳ አላሰብሁም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ይሁኔ ቀበቶውን አሥሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ጠብቋል?» አለኝ።

«እግዜር ይጠብቅህ» አልሁት።

የቅኔ ቤት ልጅ ነውና ሳቀ። ስለ ካንዴላ ሲጠይቀኝ ስለ እግዜር መለስሁለት፤ ዋሸህ እንዳይለኝ።

አጨዳው ባለቀበት ሜዳ ላይ እየነጠረ ሄደና፣ አይነሳም ያልሁት አውሮፕላን ተነሳ። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ሲሆን ሕዝቡ እልል አለ። ያን ጊዜ እንኳ ስለ ካንዴላዋ አላሰብሁም። ይህ የእኔ ነበር፣ ይህ የእኔ ነበር እያልሁ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሞተሩ ጧ አለና ጸጥ አለ።

አውሮፕላኑ የጤፍ ቃርሚያ ላይ ወድቆ አንዱ የጎማ እግሩ ተሰብሮ ተጋደመ። ከሁሉ ቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝ። ግን የሮጥሁት ወደ ይሁኔ አልነበረም፤ ወደ ሞተሩ ነው። ካንዴላዋ ከገመዷ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋትና ሰው ሳይደርስ መልሼ አዞርኋት። ሁለት ጣቶቼ ተላጡ። ዞር ስል ይሁኔ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ያየኛል።

«እጅህን ምን ነካህ?» አለኝ።

«ሞተሩ ግሎ ነው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ለሰዉ ሁሉ፣ ሞተሩን ከፍታው ከበደው ብሎ ተናገረ። ክንዱ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። በዚያችው ክንድ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና አነሳልኝ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሕይወት እያየችኝ የመኪናዋን አራቱንም ካንዴላዎች አጠበቅሁና የሞተሩን ክዳን ዘጋሁ።

«ጠብቋል ጋሼ?»

«ጠብቋል።»

ልትገባ ስትል ቆም አለች። «ረስቼው፣ አባቴ ሌላም ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያጥብቅ፣ ከዚያ በኋላ ይመርቅሽ ነው ያለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ክዳኑን መልሼ ከፈትሁ። አንድ በአንድ እንደገና መፍቻ አሳረፍሁባቸው። ከዚያ በኋላ ነው እግዜር ይጠብቅሽ ያልኋት።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ ጠባሳ ያለባቸውን ጣቶቼን እያሻሸሁ ጋራዡ በር ላይ ተቀመጥሁ። ይሁኔ ያደረግሁትን ይህን ሁሉ ዘመን እያወቀ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልቷል። ያን ጊዜ በሰማዩ ቀናሁበት፣ አሁን ደግሞ በዝምታው ቀናሁበት። ሚዛኑ ላይ በሦስት ኪሎ የበለጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ሆደ ሰፊው ግን እሱ ነው።