እትዬ አስካለን ላመጣ ሞዘል ወንዝ ዳር

የዓለም ዋንጫው ደቡብ አፍሪካን አድምቆ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በመስከረም መጨረሻ ከጆሃንስበርግ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ እህቴ አስካለ ጀርመን አገር፣ ሞዘል ወንዝ ዳር ባለች ባይልሽታይን በምትባል ትንሽ የወይን ከተማ ትኖራለች። ባለቤቷ ክላውስ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጅም አልወለዱም። እኔና ባለቤቴ ግርማ ከእኛ ጋር እንድትኖር ተመኘን። በስልክ ስነግራት «መጀመሪያ ነይና እንተያይ» አለችኝ እንጂ እሺም እምቢም አላለችም።

ከመነሳቴ በፊት ከተማችን መሃል ጄፒ ጎዳና ካሉት የአበሻ ሱቆች በርበሬና ሽሮ ሸመትኩ። ግርማ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርሰኝ፣ «አደራ፣ ይዘሻት ነይ» አለኝ።

በባቡር

ጠዋት ፍራንክፈርት አርፌ ባቡር ተሳፈርኩ። የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና የሐዲድ ድምፅ ስሰማ አባባ ትዝ ይሉኛል። ራይንን ተከትለን ኮብሌንዝ ደረስን፤ እዚያ ወደ ትንሿ የሞዘል ባቡር ተዛወርኩ። ወንዙ ይጠማዘዛል፣ ባቡሩም አብሮት ይጠማዘዛል። ፍየልን እንኳ የሚያንሸራትት በሚመስል ገደል ላይ ወይን ተተክሏል። ኮኸም ላይ ወርጄ በአውቶቡስ ቀጠልኩ።

እትዬ ፌርማታው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል። ተቃቅፈን ስንላቀስ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶም ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

«ሙሉዬ፣ ወፍረሻል!»

«አንቺ ደግሞ ከስተሻል።»

ባይልሽታይን

ከተማዋ በመዳፍ የምትያዝ ታህላለች። በድንጋይ የተነጠፉ ጠባብ መንገዶች፣ ወገባቸው በእንጨት የታሰረ ያጋደሉ ቤቶች፣ ከላይ የፈረሰ የመሳፍንት ግንብ፣ ከታች ሰውና መኪና የምታሻግር ጀልባ። እራት የሽንኩርት ዳቦና ገና እየፈላ ያለ ድፍርስ የወይን ጠጅ አቀረበችልኝ።

«ቅመሺው፣ ጉሽ ነው» አለች።

ጣዕሙ ድሬዳዋ መለሰኝ። አባባ ግቢያችን ውስጥ የወይን ዳስ ነበራቸው። ወይኑ መጀመሪያ ያፈራው እትዬ የተወለደች ዓመት ስለነበር በዘለላው የግዕዝ ስም አስካለ አሏት። በዚያ ሙቀት ከዳሱ ስር ምንጣፍ ዘርግተን እንተኛለን፤ እሷ ትከሻዋ ላይ ታወጣኝና ሳይበስል እቀጥፈዋለሁ። አባባ ሲመጡ ጥርሳችን ጠርሶ ምሳ መብላት ያቅተናል። ያን እያነሳን እስኪደክመን ሳቅን። ለምን እንደመጣሁ ግን ሁለታችንም አላነሳንም።

ለቀማው

በማግስቱ ጎረቤቶች ገደሉ ላይ ካለው ማሳዋ ወይን ሊለቅሙላት ወጡ። እኔም መቀስ ተሰጠኝ፤ አቀበቱን እየተንፏቀቅኩ ለቀምኩ። ኤርና የምትባል ጎረቤቷ፣ ፊቷ በፀሐይ የከሰለ አሮጊት፣ ከላዬ ቆማ አንድ ነገር ተናገረችኝ። እትዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

«ምን አለችኝ?»

«ተያት ባክሽ።»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«‹ልትወስጂብን ነው የመጣሽው?› ትልሻለች።»

አጎንብሼ የቆረጥኩትን ዘለላ ቅርጫቴ ውስጥ ከተትኩ። ኤርና ቅርጫቴን ከእጄ ወሰደችና በራሷ ቅርጫት ላይ ደርባ ወረደች።

ማምሻውን እትዬ ከከተማው በላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በደረጃ አወጣችኝ። ውስጡ ጥቁር የእመቤታችን ሐውልት አለ። አማተበችና በአማርኛ ጸለየች።

«እዚህ እንደመጣሁ» አለችኝ፣ «በከተማው ውስጥ እኔን የምትመስል እሷ ብቻ ነበረች። ክላውስ ሥራ ሲውል እሷ ጋ መጥቼ አወራ ነበር።»

«አሁንማ ክላውስም የለም። እትዬ፣ ብትታመሚ ማን አለሽ?»

ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የአባባ ቤት ተሽጦ ዳሱን ሲነቅሉት አንቺም እኔም አልነበርንም። ስሰማ ሣምንት አለቀስኩ። ይሄኛው ወይን ገደል ላይ ነው፤ የሚረከበኝ የለም። ትቼው ብሄድ ቁጥቋጦ ይውጠዋል። የዚያን ጊዜ የነቀልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«እኔስ? እኔ አልናፍቅሽም?»

«ትናፍቂኛለሽ እንጂ! በየዓመቱ ለለቀማ ነይ።»

ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። እሷ ግን እንደ ልጅነታችን አንገቴን አቀፈችኝ። ከታች ከለቀማ የሚመለሱት ሰዎች ስሟን አጣመው «አስካላ!» እያሉ ይጣራሉ። ብድግ ብላ በጀርመንኛ መለሰችላቸው፤ ድምፅዋ ያው የግቢያችን ድምፅ ነበር። እኔ ለዓመታት ሳዝንላት የኖርኩት ብቻዋን ናት ብዬ ነው።

ሲመሽ ተያይዘን ወረድን። በቀሩት ቀናት ስለ መሄድ አላነሳሁባትም፤ ወይኑ አልቆ እስኪገባ አብሬያት ለቀምኩ።

ጆሃንስበርግ

ስመለስ የጃካራንዳ አበባ መንገዱን ሁሉ ሐምራዊ አድርጎት ነበር። ግርማ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከበስተኋላዬ የሚወጣ ሰው ጠበቀ፤ ማንም አልወጣም።

«እትዬስ?» አለኝ ክው ብሎ።

በመንገዴ ሁሉ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ነበር። ሰው የተወለደበትን እየናፈቀ ሌላ አገር ሊያበቅል እንደሚችል፣ አንዱ ሌላውን እንደማያጠፋው ያየሁትን እንዴት ላስረዳው?

«እትዬማ» አልኩት፣ «ባላገር ሆናለች።»